ምሰሶውን ያቀፈው ገበታ

ውሸታም መባሌን አልክድም። ዳዊት ሳልጨርስ ከየኔታ የተባረርኩትም በዚሁ ነው። ጨሞጋ ወንዝ ውስጥ ቀንድ ያለው ዓሣ አለ ብዬ፣ ደምለው የሚባለውን አብሮ አደጌን ሁለት ቀን ሙሉ ወንዝ ዳር አስጠብቄዋለሁ። በዚህኛው ወሬ ውስጥም ጥቂት ብጨምር እንኳ የወደቀው ቤት የራሴ ነው።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ፣ እንዳላማው፣ አምበር ከተማ አጠገብ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር፣ ሞፈርና ቀንበር እየጠረብኩ እኖር ነበር። መስቀል እንዳለፈ አካለ ወልድ የሚባል አርበኛ መጣ።

"ሦስት ጠመንጃ ሰደፉ ተሰብሮ ጫካ ተጋድሟል" አለኝ። "ለኅዳር ሚካኤል ካላደረስክልኝ ሦስት ሰው ባዶ እጁን ነው የሚዋጋው።"

"ይደርሳል" አልኩት። ምን አፌን አስከፈተኝ።

ሰደፍ እንደ ሞፈር መሬት ላይ አጋድመው የሚጠርቡት አይደለም። ሲገፉት የማይነቃነቅ የአናጢ ገበታ ይፈልጋል። የነበረችኝ ገበታ ደግሞ መላጊያውን በገፋሁ ቁጥር አብራኝ ትሄዳለች፤ አንድ ጧት ጓዳ ውስጥ የጀመርኩትን እንጨት ደጃፍ ላይ ጨርሻለሁ። ባለቤቴ ሥራነሽ "በገበያ ቀን እህል ጫንባት፤ አህያ ከመከራየት ያድነናል" ትለኝ ነበር።

እናም አዲስ ሠራሁ። አራት እግር ከወይራ ጠርቤ ወለሉን ክንድ ሙሉ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ፊቱን በሁለት ወፋፍራም የዋንዛ ሳንቃ አለበስኩት። አሁንም ሆዴ አላመነም። ቀና ስል የቤታችን ምሰሶ፣ ጣራውን ሁሉ የተሸከመው ግንድ፣ መሐል ላይ ቆሟል። እሱ መቼም አይነቃነቅም ብዬ ሁለቱን ሳንቃዎች በግማሽ ክብ ፈለፈልኩና ከግራና ከቀኝ አሳቀፍኩት። ምሰሶውንም ዙሪያውን በመሮ በልቼ ሳንቃዎቹን አጎረስኩት፤ በወይራ ችንካር ቸነከርኩ።

መሮው ወደ ታች ሲወርድ ግን ነገሩ ታየኝ። የምሰሶውን እግር ምስጥ ጨርሶታል፤ በጣቴ ብነካው እንደ ደረቅ ቂጣ ፈረሰ። ስንት ዓመት የቆመው በልማድ ነበር ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሰሶው ገበታውን መያዙ ቀርቶ ገበታው ምሰሶውን ያዘ።

"ቤት ብንቀይርስ?" አለች ሥራነሽ፣ ዞር ዞር ብላ አይታው።

"ቤቱ ይቀየራል እንጂ ገበታው ከዚህ አይነሣም።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ከገበታው ጋር ነሽ" አልኳት፤ ያን ዕለት እራት ዘገየብኝ።

ሁለቱን ሰደፍ ጨርሼ ከጣራው ወራጆች መካከል ሰካኋቸው። ሦስተኛውን ገና ስጀምር አንድ ካሚዮን ደጃፌ ቆመ። አንድ የጣሊያን ሹም፣ አራት ወታደሮችና አስተርጓሚያቸው ወረዱ። አስተርጓሚው ያ ዓሣ የጠበቀው ደምለው ነው። ባንዳ ሆኗል፤ ጫማም አድርጓል።

የጀመርኩትን ሰደፍ የእንጨት ፍቅፋቂ ውስጥ ቀበርኩት። ለአርበኛ ሰደፍ ይሠራል ተብሎ ተጠቁሞብኝ ነበርና ቤቱን በረበሩ፤ ምንም አላገኙም። ሹሙ ገበታውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው፤ እሱ ተወዘወዘ እንጂ ገበታው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የሆነ ነገር ተናገረ።

"ገበታውን ነቅለን እንወስዳለን ይላል" አለ ደምለው። "ገበታ የሌለው አናጢ ሰደፍ አይሠራም ነው የሚልህ።"

"ደምለው፣ ንገረው። ይህ ገበታ ከተነቀለ ቤቱ ይወድቃል። ምሰሶው እግር የለውም።"

ደምለው ከት ብሎ ሳቀ። "ዓሣው ቀንድ አለው፣ ምሰሶው እግር የለውም።"

"በሚካኤል፣ እውነቴን ነው።"

"ያን ጊዜም በሚካኤል ብለህ ነበር።"

ለሹሙ ሲነግረው ሹሙም ሳቀ። እኔ ሥራነሽን ውጪ አልኳት፤ በጓን እየጎተተች ወጣች። ወታደሮቹ ገበታውን በወፍራም ገመድ አስረው በበሩ በኩል ከካሚዮኑ ጋር አገናኙትና ወጡ። እኔ ገበታው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

"ውረድ" አለኝ ደምለው።

"አልወርድም። ከነእኔ ጎትቱት።"

ካሚዮኑ ጎተተ። ጎማው መሬቱን ማሰ፤ ገበታው ዝም። ሹሙ እጁን አወናጨፈ፣ እንደገና ጎተተ። አሁን ችንካሮቹ ጧ ጧ አሉ፣ ሳንቃው ስንዝር ያህል ተንሸራተተ፣ ገመዱም ተበጠሰ። ከላይ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚመስል ድምፅ መጣ። ዘልዬ ወርጄ ከገበታው ሥር ስገባ ደምለው ቀድሞኝ ገብቷል።

ጣራው በሞላ ወረደ። ወራጁ፣ ሣሩ፣ የሃያ ዓመት ጥቀርሻው ከላያችን ተከመረ። ዋንዛው አንዴ ጓ አለ፤ አልጎበጠም።

"ዓሣው አሁን ታየህ?" አልኩት።

"ዝም በል እንዳላማው" አለኝ።

ወታደሮቹ ቆፍረው አወጡን። ሹሙ በር ላይ ነበርና ሣሩ ብቻ ነው ያገኘው፤ ከእግር እስከ ራሱ ጠቁሮ ላባ የተሰካበት ቆቡን አጥቷል። ከሰደፎቹ አንዱ እግሩ ሥር ወድቋል። ከተሰባበረ እንጨት መሐል እንጨትን ማን ይለያል? ተራምዶት አለፈ። ደምለውን በቁጣ ጠየቀው። ደምለው ክምሩን አየ፣ እኔን አየ፣ አጭር ነገር መለሰ። ሹሙ ተፍቶ ካሚዮኑ ላይ ወጣ።

"ምን አልከው?" አልኩት ደምለውን።

"ገበታው ደቅቆ ማገዶ ሆኗል አልኩት።"

"ዋሸህ?"

"ከማን ጋር አደግሁና" ብሎ ተከትሎ ወጣ።

ጎረቤት አዝመራው ሲሰበሰብ በደቦ ቤት ሊሠራልን ቃል ገባ፤ እስከዚያ ሥራነሽ እህቷ ዘንድ እንድናድር አደረገች። የሹሙ ቆብ የት እንደደረሰ አልጠየቅኋትም፤ ዶሮዋ ግን በዚያ ሰሞን ዕንቁላል የታቀፈችበት ዕቃ ላይ ላባ ተሰክቶበት ነበር።

እኔ ደቦውን አልጠበቅሁም። ክምሩን አንስቼ ሰደፎቼን ለቀምኩ፣ ያዘነበለውን የገበታውን እግር በድንጋይ ወተፍኩ፣ ሳንቃውን መልሼ ቸነከርኩ። ሚካኤል አራት ቀን ቀርቶታል። ግድግዳ የለ፣ ጣራ የለ፤ ከመኪናው መንገድ ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ሦስተኛውን ሰደፍ መላግ ጀመርኩ። ሥራነሽ አጠገቤ ተቀምጣ ያለቁትን ሁለቱን ሰደፎች ቅቤ ትቀባለች።

በሦስተኛው ቀን ባንዶች በእግር ሲያልፉ አንዱ ቆመ። "ምንድን ነው የምትሠራው?"

"የአርበኛ ጠመንጃ ሰደፍ" አልኩት፣ ቀና ሳልል።

ከኋላው ያለው ትከሻውን ጎተተው። "እንዳላማው ነው፣ ተወው። ይህ ሰው እውነት ተናግሮ አያውቅም።"

እየሳቁ ወደ ደጀን አቅጣጫ ሄዱ። እኔም መላጊያውን ገፋሁ።