ጥለቱ ወደ ታች

ዘውዲ ስትገባ ሴቶቹ መጀመሪያ ያዩት ፊቷን ሳይሆን ነጠላዋን ነው። ሁሉም ለሐዘን ጥለቱን ወደ ላይ መልሰው ለብሰዋል፤ እሷ ግን ሰርግ እንደተጠራ ሰው ቁልቁል ለቃዋለች። አላለቀሰችም። «ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ እትዬ ፍቅርተማርያም» ብላ ለሟቿ እናት እጅ ነሥታ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«'እግዜር ያጥናዎት' እንኳ አይወጣትም?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

ኂሩት ጓዳ ሆና ሰማች። በዚህ የለንደን ኬኒንግተን ጠባብ ፍላት ቤት የማይሰማ ነገር የለም። የሞተችው ታናሽ እህቷ ቃልኪዳን ናት፤ ቃልኪዳንን ወደ «ማኅተሙ ቤት» የወሰደቻት ደግሞ ይህችው አብሮ አደጓ ዘውዲ።

ሲጀመር የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበር፤ ካምደን፣ ከአንድ ጫማ ቤት ፎቅ ላይ። እናታቸው ደስታዋን አልቻለችውም። «የሰው ልጅ መጠጥ ቤት ሲያመሽ የኔዋ ከኮሪያኖች ጋር ወንጌል ታነባለች» እያለች ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አወራች። ቅዳሜ ቅዳሜም ለጥናቱ ልጆች ዳቦ ጋግራ ትልክ ነበር።

ወንጌሉ እየቆየ ሌላ ሆነ። ኮሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ክርስቶስ በእሱ ተመልሷል፤ የእሱን ማኅተም የተቀበለ በሥጋውም ሞትን አይቀምስም። ቃልኪዳን ማተቧን በጠሰች። ጡቷ ላይ እብጠት ባገኘች ጊዜም የሆስፒታሉን ቀጠሮ ካንስል አደረገች። «የማልሞተውን ምን አስመረመረኝ?» ብላ ሳቀች። ኂሩት ያን ሳቅ ዛሬም ይቅር አላለችውም።

እጇን አደራርቃ ወጣችና ዘውዲን ክንዷን ይዛ ጓዳ አስገባቻት።

«ነጠላሽን መልሺው።»

«አልችልም ኂሩትዬ። ሐዘን ከያዝኩ ሞት አሸነፈ ማለት ነው።»

«ትናንት አፈር ያለበስነው ማንን ነው ታዲያ?»

ዘውዲ ቁልቁል የወረደውን ጥለቷን አስተካከለች።

«ሽማግሌያችሁን ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ። መነጽር ያደርጋል። የማይሞት ሰው ዓይኑ ይደክማል?»

«አትሳለቂ። ማኅተሙን የጣለችው ቃልኪዳን ራሷ ናት።» ዘውዲ የሸመደደውን እንደሚወጣ ተማሪ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። «መምህራችን ነግሮናል። መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ገባች። አምቡላንሱ ባይጠራ ኖሮ ትድን ነበር።»

ኂሩት ለቅሶ የመጣ አይባረርም የሚሉትን ወግ ልታፈርስ አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«አምቡላንሱን የጠራሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ጎረቤት ካመጣው ዳቦ ላይ፣ እጇ በልማዱ ለጥናቱ ልጆች ጠቅልሏል።

«ትንፋሽ ሲያጥራት 'እማዬ ጥሪልኝ' አለችኝ፤ ጠራሁላት። እኔ ነኝ የገደልኳት፣ ዘውዲ?»

«እትዬ፣ እኔ እንደሱ...»

«ከቤቴ በልተሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ፊቴን እያየሽ ንገሪኝ።»

ዘውዲ «መምህራችን...» ብላ ጀመረችና ተወችው። ዳቦውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ ገልብጣ ጥለቱን ወደ ላይ መለሰችው። ስትቸኩል አንዱ ጫፍ ወለሉ ላይ ተጎተተ።

የኂሩት ቁጣ አልበረደም። ጎንበስ ብላ ጫፉን አነሳች፤ አራገፈችና ትከሻዋ ላይ መለሰችላት።