የታደሰው መንጃ ፈቃድ

"ይሄኛው ሹካ ወደየት ነው የዞረው?" አለች የዓይን መርማሪዋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ በዘንግ እየነካች።

ባለተሳቢው ሽማግሌ ሹፌር ሹካውም ሰሌዳውም አይታየውም። ደላላው ልጁ ግን "እንዳይወድቅብኝ" ብሎ ከኋላው ቆሟል፤ እጁንም ጀርባው ላይ አሳርፏል። ጣቱ የቀኝ ትከሻውን ጫን አደረገው።

"ወደ ቀኝ።"

"ይሄስ?"

ጣቱ ወደ ወገቡ ወረደ።

"ወደ ታች።"

"ጎሽ አባቴ! የዛሬ ወጣት እንኳ እንዲህ አያይም" አለችና ማኅተሟን መታች። ልጁንም አባቱን እንዲህ ስለደገፈ መረቀችው።

ባለተሳቢው ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ከነተሳቢው ነድቷል። ዓይኑ ከደከመ፣ መንጃ ፈቃዱም ጊዜው ካለፈ አራት ዓመት ሆነው። ሌላ መታወቂያ አውጥቶ አያውቅም፤ ማነህ ሲሉት ያንኑ ካርድ መዘዝ ማድረግ ነበር ልማዱ። ልጁ "አባዬ፣ እናሳድስልህ" ሲለው የሚሆነውን አጣ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ሁለት ልጆቿን ይዛ አብራው ለምትኖረው ሴት ልጁ "ወንድምሽ እንደገና ሰው ሊያደርገኝ ነው" ብሎ ነገራት። እሷ ግን ከወንድሟ ጋር ሆድና ጀርባ ናት።

አዲሱ ካርድ እጁ ሲገባ ጠርዙን በጣቱ ዞረው፤ እያሸተተም ሳቀ።

"አንድ ቢሮ ጎራ እንበልና ወደ ቤት" አለው ልጁ። "አንዲት ፊርማ ናት።"

የውል ማረጋገጫ ቢሮው ሰልፍ እስከ ደረጃው ድረስ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ሠራተኛው ካርዱን ማሽኑ ላይ አሳረፈው። ማሽኑ ጢጥ አለ። ከማሽን ጋር ክርክር የለም፤ ሰውየው ራሱ ሰውየው ነው።

"አባት፣ ቤትዎን ለልጅዎ በስጦታ እየሰጡ መሆኑን ያውቃሉ?"

ባለተሳቢው ክው አለ። "ቤቴን? እህትህስ? እነዚያን ሕፃናት ይዛ የት ልትገባ ነው?"

"ተነጋግረን የለ እንዴ አባዬ!" ልጁ ወደ ሠራተኛው ዞሮ ፈገግ አለ። "ይረሳል።"

ሠራተኛው ወረቀቱን በመስኮቱ አሳለፈ። "እንግዲያው ራስዎ ያንብቡት። ካልታየዎት ይንገሩኝ፤ ውሉን ዛሬ አላጸድቅም። ግን የማያይ ሰው እንዴት መንጃ ፈቃድ እንደታደሰለት መጠየቄ አይቀርም፤ ካርዱንም እይዘዋለሁ።"

ባለተሳቢው ሞኝ አይደለም፤ ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ልጁ እህቱን አንዲት ቀን አያሳድራትም። "አይታየኝም" ቢል ልጅቱ ከነልጆቿ ቤቷ ውስጥ ትኖራለች። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ግን አራት ዓመት ሙሉ ለሐኪምም፣ ለጎረቤትም፣ ምግቡን ለምታቀርብለት ለልጁም ተናግሯት አያውቅም። እንኳን ዛሬ፣ ይህን ሁሉ ሰልፈኛ ከኋላው አቁሞ።

ወረቀቱን አንስቶ ከፊቱ ደቀነው። ከንፈሩን አነቃነቀ። ትንሽ ቆይቶም ገጹን ገለጠ።

ወረቀቱን ዘቅዝቆ እንደያዘው ሠራተኛው አይቷል። ቀና ብሎ ሰልፉን ተመለከተ፣ ከዚያ ሰዓቱን።

"ጨረሱ አባት?"

"አንብቤዋለሁ። ሹፌር እኮ ነኝ!"

"ይስማማሉ?"

"እስማማለሁ።"

"እንግዲያው እዚህ ጋ ይፈርሙ" አለው፤ እስክሪብቶም አቀበለው።

ባለተሳቢው እስክሪብቶውን አልተቀበለም። መዳፉን በመስኮቱ አስገባና "መጀመሪያ መንጃ ፈቃዴን" አለ።

ካርዱን ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተው። ኪሱን ቆለፈና ሊፈርም አጎነበሰ።