የውሃው ቦታ

ፀጉር ቆራጩ በደህናው ዘመኑ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነበር። ራሰ በራዎች ሳይቀሩ ወሬውን ፍለጋ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ ነበር ይባላል። ኤ ኤል ኤስ የሚባለው የነርቭ በሽታ መጀመሪያ እጁን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻም አንደበቱን ወሰደበት። አሁን ምግቡ የሚገባው በሆዱ ላይ በተገጠመ ቱቦ ነው፤ የሚናገረውም በዓይኑ። አንዴ ከጨፈነ አዎ፣ ሁለቴ ከጨፈነ አይሆንም ማለት ነው።

ሚስቱ ደግሞ ጡረታ እስክትወጣ ሃያ ስምንት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበረች። መደርደሪያ ላይ ባዶ ቦታ ካየች እንቅልፍ የማይወስዳት፣ "ሞልቷል፣ አይገባም" ሲሏት ደሟ የሚፈላ ሴት። ባለፈው ወር ሐኪሙ "ሦስት ኪሎ ቀንሷል፤ እንዲህ ከቀጠለ ያሰጋል" ሲላት ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠረችው። በሥራ ዘመኗ አንድ ሚስማር ያልጎደለባት ሰው ባሏ ሦስት ኪሎ ጎደለባት!

ቤት ገብታ አሰበችበት። ፈሳሹ ምግብ ሆድ ውስጥ ቦታ ይይዛል። ከምግቡ በፊትና በኋላ በቱቦው የምትሰጠው ውሃም ቦታ ይይዛል፤ ውሃ ደግሞ ሰው አያወፍርም። ስለዚህ ቱቦውን ለማጠብ የምትበቃውን ብቻ አስቀርታ፣ በቀረው ቦታ ምግብ ጨመረችበት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ባሏ ግን ትራስ ተደግፎ ቀና ብሎ ስለሚቀመጥ ሁሉን ያያል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ ጨፈነባት።

"ዝም በል አንተ! አጥንትህ ሊቆጠር ምንም አልቀረው" ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

በሳምንቱ አክታው እንደ ሙጫ ወፈረ። ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ አልወጣ አልወርድ አለ። የአክታ መሳቢያውን ማሽን አስነስታ ቱቦውን በጉንጩ በኩል ብታስገባ፣ ማሽኑ ከመጮህ በቀር የሚያወጣው ነገር የለም። አንድ ጠዋት ፊቱ ጠቆረ። በጎኑ አስተኝታ፣ ጀርባውን መታ መታ እያደረገች፣ እንደምንም ትንፋሹን መለሰችለት።

"ጥፋቱ የዚህ ማሽን ነው! ድሮም አላማረኝም" ብላ ቤት እየመጣች የምትከታተለው ነርስ ጋ ደወለች።

ነርሷ ከቀትር በኋላ መጣች። የማሽኑን ቱቦ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው። ብርጭቆው በቅጽበት ባዶ ሆነ።

"ማሽኑስ ደህና ነው፣ እትዬ። በቀን ምን ያህል ውሃ ነው የሚሰጧቸው?"

"ያላችሁኝን ያህል ነዋ!"

ነርሷ ወደ አልጋው ዞረች። "ጋሼ፣ ውሃው እንደተባለው ይሰጥዎታል?"

ሚስት አንገቷን ደፋች። አለቀልኝ አለች በሆዷ። እሱ ጉሮሮው ኸር ኸር እያለ ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያም አንዴ ጨፈነ።

"እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው" አለች ነርሷ፣ ስልኳን እያወጣች። "ሆስፒታል ገብተው ሳንባቸው መታየት አለበት።"

"ውሸቱን ነው!" ሚስት ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ለእኔ ብሎ ነው የሚዋሸው። ውሃውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ለምግቡ ቦታ ይልቀቅ ብዬ።"

ነርሷ አልተቆጣችም። አጠገቧ ተቀምጣ፣ ውሃ ሲያንስ አክታ እንደሚወፍር፣ ምግቡንም በአንዴ ከማጨቅ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ መስጠት እንደሚሻል፣ ውሃውም በየመሃሉ መግባት እንዳለበት አስረዳቻት። "ነገ ከነገ ወዲያ አክታው ይላላል። ደግሞም ዛሬ እርስዎ በመናገርዎ ጋሼ ተርፈዋል" አለቻት። ውሃውን ለክታ ሰጥታት ለሐኪሙ ልትደውል ወደ በረንዳ ወጣች።

ብቻቸውን ሲቀሩ ሚስት መርፌ የሌለውን ትልቁን ስሪንጅ ከሆዱ ቱቦ ጋር አገናኝታ፣ ውሃውን ሞልታ ከፍ አድርጋ ያዘችው። ውሃው በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። አንጀቷን በልቷት ነበር፤ ንዴቷም ገና አልበረደም።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለህ ታንቀህ ልትሞትብኝ ነበር?"

አንዴ ጨፈነ።

እጇ ስሪንጁን እንደያዘ ስለነበር እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች።