ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ

«ታዲያ ምንም ሳይናገር?» አሉ ጎረቤቲቱ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው።

«ምንም» አለ ታናሽየው። «እኔ የጋራዡ ግቢ ውስጥ ነበርኩ። ስገባ ወንድሜ አልቆለታል።»

ይህን ሲል ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር ያንኑ ይደግማል፣ በደገመው ቁጥርም አንዲት ነገር ይዘላል። ጥግ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው የሟች ሚስት እዚህ ቦታ ሲደርስ ጆሮዋን ታቀናለች። እስካሁን እንባ ጠብ አላላትም። ሰዉ «ደንግጣ ነው» ይላል። ማን ያልደነገጠ አለና! የአርባ አራት ዓመት ሰው፣ ራሱን እንኳ አሞት የማያውቅ፣ ቁርሱን በልቶ እያፏጨ ወጥቶ ሬሳው ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ሐኪሙ «ልቡ ነው፣ ድንገት ቀጥ ብሏል» አለ። እናትየው መኝታ ቤት ተኝተው ጣራ ጣራ ያያሉ። ታናሽየው ደግሞ ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር ወንድሙ የመጣ እየመሰለው ብድግ ይላል።

ጋራዡን አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተውበታል። ባለፈው ወር፣ ሞተሯን አውጥተው ትልቅ ሞተር እንዲገጥሙላት አንዲት ትንሽ አሮጌ መኪና መጣችላቸው። ሞተሩ ገባ። ግን አናቱ ላይ ያለው ማኒፎልድ፣ አየሩን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው ባለቱቦ ብረት፣ ከፍ ብሎ ኮፈኑ አልዘጋ አለ።

«ኮፈኑን ቀደን እናሳልፈው» አለ ታናሽየው።

«ባርኔጣ ጠበበኝ ብለህ ጭንቅላትህን ታስጠርባለህ?» አለው ታላቅየው።

ሁለት ሳምንት ሲያፈላልግ ከርሞ፣ ሌላ ፋብሪካ የሠራው አጠር ያለ ማኒፎልድ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ከች አለ። ሲገጠም ታዲያ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ከላይ ቀስ አድርጎ ያወርዳል፣ ሌላው ከሥር በሁለቱ ብረት መሃል የምትገባውን ስስ ማሸጊያ፣ ጋስኬቷን፣ እንዳትንሸራተት በጣቱ ይይዛል። እሷ ከተዛነፈች ሞተሩ በጎን አየር ይስባል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ታላቅየው «ይሄን ብቻህን የሠራህ ቀን አልተዋወቅንም» ይል ነበር።

በዚያው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሳሳ ሲል ሚስቲቱ ታናሽየውን በዓይኗ ጠቀሰችው። በጓሮ በኩል ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ሲያቃስት ነበር? ሰው እየተጣራ፣ የሚደርስለት አጥቶ ነው? ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር እሱ ነው የሚታየኝ።»

ከተናገረ ዳግመኛ ዓይኑን እንደማታይ እርግጠኛ ነበር። ቢሆንም ሦስት ቀን የዋጠው ነገር አልዋጥ አለው።

«ጠርቶኝ ነበር፣ እትዬ።»

ዞራ አየችው።

«ግቢ ሻይ እየጠጣሁ ጠራኝ። ‹ቆይ› አልኩት። ሻዬን ጨረስኩ፣ ከአንድ ደንበኛ ጋር ተቀላለድኩ፣ ከዚያ ገባሁ። ማኒፎልዱን እንደታቀፈ ሞተሩ ላይ ደፋ ብሏል። የወደቀ ብሎን የሚፈልግ መስሎኝ ‹ይኸው መጣሁ፣ ምን ያስቸኩልሃል› አልኩት! ለሞተ ሰው፣ እትዬ!»

እስክትጮህበት ጠበቀ። እሷ ግን ክንዱን ጨመደደችው።

«ምን ብሎ ነው የጠራህ?»

«እ?»

«ቃሉን! ያለውን ቃል ንገረኝ።»

«‹አንተ ቀርፋፋ! ሙሽራዋ ቆማ ቀረች እኮ፣ ና ደግፍልኝ!› ነው ያለው። ሙሽራዋ የሚለው ማኒፎልዱን ነው። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ነበር የሚለው።»

«እየሳቀ?»

«እየሳቀ። አጥር ማዶ ያለው በያጅ ሁሉ ሰምቶ ሲስቅ ነበር።»

«አላመመውም።»

«ኧረ ምንም! እንደ ሁልጊዜው ነበር።»

እዚያው እጥፍ ብላ አለቀሰች። እየተንሰቀሰቀች፣ ባሏን በምትጠራበት አፍ እየሳቀችም ጭምር፣ ረጅም ጊዜ አለቀሰች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሲያቃስት እያየሁት!» አለች በመጨረሻ፣ ትከሻውን በጡጫ እየመታችው። «ምናለ ያኔውኑ ብትነግረኝ? ምናለ?»

ጥፋቴ ይታወቅብኛል ብሎ ሲሸሽ፣ እሷን በከንቱ እንዳሰቃያት አሁን ገባው። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ አፈረ።

ከውስጥ የእናትየው ድክም ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ማነው እዚያ? እስቲ ውሃ አቀብሉኝ።»

«መጣሁ!» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ። እኩል ተነሥተው ሲሮጡ በሩ ላይ ተጋጩ።