የቀበቶው መስመር

«እስቲ ሸሚዙን ገልጦ ጠባሳውን ያላሳየው ሰው አለ?» ብላ የሟች ሚስት ጠየቀች። ለቅሶ ቤቱን የሞላው እንግዳ ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀው የሟች ታናሽ ወንድም፣ ሾፌሩ ብቻ ነበር። የቀዘቀዘ ሻዩን እንደያዘ ጥጉ ላይ ኩርምት ብሏል።

ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር። ከዓመታት በፊት ከፊንጢጣው ከፍ ብሎ አንጀቱ ላይ ካንሰር ተገኝቶበት፣ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ድኗል፤ አሁን የወሰደው ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ሆዱ ላይ ያሉትን ትናንሽ ጠባሳዎች ሳያሳይ አይሸኝም ነበር። «ኮቱን ሳይተረትሩ ገበሩን ቀየሩልኝ!» ይል ነበር።

ሾፌሩም ከሰገራው ጋር ደም ማየት ከጀመረ ሰንብቷል። ለሰው ትንፍሽ አላለም። «ኪንታሮት ነው» እያለ ራሱን ሲደልል፣ ነገ ለወንድሜ ለጋሼ እነግረዋለሁ ሲል፣ ጋሼ በሞት ቀደመው።

በዚህ መሀል ወንድሙን ኦፕራሲዮን ያደረገችው ዶክተር ገባች። አንገቷን ደፍታ ጥቂት ተቀመጠችና እሷም ፈገግ አለች።

«እንደሱ ያፋጠጠኝ በሽተኛ የለም። ሆድን ከላይ እስከ ታች ከፍቶ መሥራትም ይቻላል፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ አስገብቶም ይቻላል አልኩት። ‹ታዲያ ዕጢውን በየት ልታወጪው ነው ልጄ? በመርፌ ቀዳዳ?› አለኝ። አንዷን ቀዳዳ ሰፋ አድርገን ነው ስለው፣ ‹የኪስ አፍ ታክላለች በይኛ! በይ አሳምረሽ ስፊያት› ብሎኝ አረፈ።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ሾፌሩ ግን ሐሳቡ ወንድሙ ኦፕራሲዮን ሊደረግ ተኝቶበት ወደነበረው የሆስፒታል ክፍል ነጎደ። የውስጡ ስፌት እስኪጠግ ሰገራው ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት እንደሚወጣ ተነግሮት፣ ነርሷ ቦታው ላይ ምልክት ልታደርግ ስትመጣ፣ ልብስ ሰፊው ሆዬ በጠመኔ ሆዱ ላይ አስምሮ ጠበቃት።

«ቀበቶዬ የሚያርፈው እዚህ ነው፤ ከዚህ መስመር ራቂልኝ!»

«ልክ ነዎት» ብላ እየሳቀች ዝቅ አድርጋ ምልክት አደረገች።

ነርሷ ስትወጣ ሾፌሩ ወንድሙ ጠመኔውን አልለቅ እንዳለ አየ። «ፈራህ እንዴ ጋሼ?»

«ልቤ ልትወልቅ ነው እንጂ! ቢሆንም ልኬን ካልሰጠሁ ማን ይሰጥልኛል?»

ዶክተሯ ለመሄድ ስትነሣ ሾፌሩ ሊሸኛት ወጣ። መውጫው በሟቹ መሥሪያ ክፍል በኩል ነው። ስፌት መኪናው ላይ ግማሹ የተሰፋ ሱሪ እንደተሰካ ቀርቷል፤ አጠገቡ ጠመኔው አለ። ሾፌሩ ቆመ። ወንድሙ ናፈቀው።

ጠመኔውን አነሣ፤ ሸሚዙን ገልጦም ሆዱ ላይ አሰመረ።

«ዶክተር፣ የኔ ቀበቶ የሚያርፈው እዚህ ነው።»

ዶክተሯ አልሳቀችም። «ከሰገራዎ ጋር ደም ያያሉ?»

«ሰንብቷል።»

«ነገ ጠዋት ይምጡ። መጀመሪያ እንመርምርዎት፤ ኦፕራሲዮንም ላያስፈልግዎት ይችላል።»

«እመጣለሁ» አለና ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየ። መስመሩ ተንጋዷል። «ይህን ቢያይ ጋሼ መሳቂያ ያደርገኝ ነበር» ብሎ ሳቀ፤ ዕንባውም አብሮ ወረደ። ጠማማውን በመዳፉ አበሰና፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደገና ቀጥ አድርጎ አሰመረው።