የእማማ ደሪቱ ግራ ጫማ

«ልጁስ? ቢሊሱማ የት ሄደ?» አሉ አሰፋሽ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው።

አሰፋሽ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ከቤታቸው ተሸክመው ባመጡት የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከበረንዳው ሦስት እርምጃ ርቀው፣ የራሳቸውን ውሃ በራሳቸው ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። ድንኳን አልተተከለም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ እድርተኛው በተራ ይመጣና ከበር ላይ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብሎ ይመለሳል።

«ደክሞት ተኝቷል» አሉ እማማ ደሪቱ፣ ከፍራሻቸው ሳይነሱ።

«ከትናንት ጀምሮ?»

«ከትናንት ጀምሮ ሲያለቅስ ነዋ።»

«አያስለውም?»

«ማንን?»

«ልጁን ነዋ። ስለምሳሳለት እኮ ነው፣ ደሪቱ። ኳስ ተጫዋች ከስንቱ ጋር ሲተቃቀፍ ይውላል።»

እማማ ደሪቱ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ጥያቄው ያንገበገባቸው እሳቸውም ሌሊቱን ሲያገላብጡት ስላደሩ ነው። ባለቤታቸው አቶ ሆርዶፋ ሳምንት ሙሉ ሲያስላቸው ሰንብቶ ዓርብ ጠዋት አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። ከአስከሬኑ ናሙና ተወስዶ «ውጤቱን በስልክ እንነግራችኋለን» ተባለ። የተመዘገበው ቁጥር የቢሊሱማ ነው። እማማ ደሪቱ ከቀብር መልስ የልጅ ልጃቸውን ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ክፍል አስገቡትና ስልኩን ተቀበሉት። ብቻውን ሆኖ ሰምቶት አንድ ነገር ቢሆንስ? ደግሞስ ማን ይደውልለታል? ከማን ጋር ነበር?

ምክንያቱም ጫማው አለ።

ለቀብር ሊወጡ ጥቁር ጫማቸውን ከአልጋ ስር ሲያወጡት የግራው እግር ጭቃ ነበር፤ ሣር የተለጠፈበት የሰሞኑ ጭቃ። እማማ ደሪቱ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ ከግቢ አልወጡም። ቤት ውስጥ ተደብቆ ሲወጣ ሲገባ የከረመ ሰው አለ ማለት ነው። ለምን በእሳቸው ጫማ፣ ለዚያውም በአንዱ ብቻ፣ ሊገባቸው አልቻለም። ሰው ሳያየው በፌስታል ጠቅልለው መልሰው አልጋ ስር ወሸቁት። ለቀብሩ የሄዱት በነጠላ ጫማ ነው።

ቢሊሱማን እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደጉት ሁለቱ ናቸው። ዘንድሮ ፕሪምየር ሊግ ገባ፤ የካቲት ላይ ተቀይሮ ገብቶ አንድ ጎል አገባ። አቶ ሆርዶፋ ያቺን ጎል ከኢምፔሪያል እስከ ሃያ ሁለት በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ለማያውቁት ተሳፋሪ ሁሉ ሲያወሯት ከረሙ። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና ሊጉ ቆመ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጭራሹኑ ተሰረዘ፤ ዋንጫ የሚያነሳ የለም፣ የሚወርድም የለም።

«የእኛስ ጎል?» አሉ አቶ ሆርዶፋ፣ ሬዲዮናቸውን አፍጥጠው እያዩ።

«አብራ ተሰረዘቻ፣ አባባ» አለ ቢሊሱማ።

«መረቡን ስትነካ ሰምቻለሁ። እስቲ መጥተው ከጆሮዬ ይሰርዟት።»

እማማ ደሪቱ ያን ዕለት ነው በሩን የዘጉት። «ይሄ ነገር እስኪያልፍ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የሚል የለም» አሉ። ሁለቱም እሺ አሉ። አሁን ሲያስቡት እሺ ያሉት በጣም ቶሎ ነበር።

በማግስቱ፣ ሰኞ ረፋዱ ላይ፣ አሰፋሽ እንደ ትናንቱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ እማማ ደሪቱ ጉያ ውስጥ ያለው ስልክ ነዘረ። መልእክት ነው፤ ኑሪ ከሚባለው የቡድኑ ተከላካይ። እማማ ደሪቱ መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡት፦ «ቪዲዮውን ለአያትህ አሳየሃት? ከሰው ከምትሰማ ካንተ ትስማው።»

 ስልኩን ይዘው ወደ ጓሮ ሄዱና ከሰርቪሱ በር ላይ ቆሙ።

«የምን ቪዲዮ ነው?»

በሩን አንኳኩ።

«ቢሊሱማ። አንተን እኮ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ዓይኑ አባብጧል። «ስልኩን ስጪኝ፣ አኮ» አለ፤ አፉን ከፈታ ጀምሮ በኦሮምኛ «አያቴ» እያለ ነው የሚጠራቸው። «አሰልጣኙ ልምምዳችሁን እየቀረጻችሁ በቴሌግራም ላኩ ብሎን ነበር። የሚቀርጽልኝ አባባ ነው። አንቺ ሳትነቂ ወጥተን እንመለሳለን። ማንም አጠገባችን አልደረሰም፤ እሱና እኔ ብቻ።»

ስክሪኑ ላይ ጭጋግ ያለበት ሣር መጣ፤ ከኋላው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥር። አወቁት። አቶ ሆርዶፋ ጤፍ ይዘሩበት ከነበረው ማሳ የተረፈች ጥግ ናት። ሣሩ ላይ ጫማዎች በየአንድ እርምጃው ተደርድረዋል፤ የባላቸው ሁለቱም፣ የቢሊሱማ ነጠላ ጫማ፣ ከሁሉም መጨረሻ የእሳቸው የግራ እግር። ልጁ ኳሷን በመሃላቸው እየነዳ ይመጣል። የማይታይ ሽማግሌ ያዛል።

«ደሪቱ ጋ ሳትደርስ እንዳትቆም። ዙራት፣ ዙራት። እንዳትነካት ብቻ፤ ከነካሃት ዛሬ ቁርስ የለም።» ከዚያ ሳቅ፤ ከሳቁ በኋላ ረጅም ሳል።

እማማ ደሪቱ ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ምስሉ ቆመ።

«ቀኙንስ ለምን ተዋችሁት?»

«ሁለቱም ከጠፉ ትነቃብናለች አለ። ስንመለስ በመሀረቡ ይጠርገው ነበር። ሐሙስ ግን ደክሞት ሳይጠርገው ተኛ።» ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። «አኮ፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

 ሦስት ቀን ሙሉ የፈሩት ጥያቄ ከገዛ አፉ ወጣ። እጁን ያዙት፤ ከቀብር ወዲህ ሲነኩት የመጀመሪያቸው ነው። እየጎተቱ ወደ በረንዳው አመጡትና ከጎናቸው፣ ፍራሹ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ አስቀመጡት።

የአሰፋሽ ወንበር ሲሚንቶውን እየፋቀ ወደ ኋላ ሄደ። «ደሪቱ፣ ውጤቱ እስኪመጣ እንኳ...»

«ይምጣ። እኔና እሱ አብረን እንሰማዋለን።»

ስልኩ የጠራው ከቀትር በኋላ ነው። ቢሊሱማ ድምፁን ከፍ አድርጎ መሃላቸው አስቀመጠው። አንዲት ሴት የሟችን ስም አረጋግጣ ስታበቃ፣ ተቻኩላ፣ «ቫይረሱ አልተገኘባቸውም» አለችና ዘጋች። ልጁ ፊቱን ጉልበታቸው ውስጥ ቀበረ። ሆርዶፋን የገደላቸው፣ ሐኪም ሲነግራቸው ያሾፉበት የነበረው የልብ ሕመማቸው ነበር እንግዲህ።

የአሰፋሽ ወንበር እየፋቀ ወደ ፊት መጣ። «እኔ እኮ ድሮም አልጠረጠርኩም።»

«ወንበርሽ ግን ጠርጥሮ ነበር» አሉ እማማ ደሪቱ። ግን እሳቸውስ? እሳቸው በር ዘግተውበት አልነበር? 

አሰፋሽ ሲሄዱ እማማ ደሪቱ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ የሆርዶፋን ጫማዎች፣ የልጁን ነጠላ ጫማና ግራ ጫማቸው ያለበትን ፌስታል ይዘዋል። በረጠበው ግቢ የባላቸውን ጫማዎች፣ ቀጥሎ የልጁን ነጠላ ጫማ፣ በእርምጃ እየለኩ አስቀመጡ። መጨረሻ ላይ፣ ከውጭ በሩ ስር፣ የራሳቸውን የግራ እግር ከነጭቃው አኖሩት።

ቢሊሱማ ከበረንዳው ቀና ብሎ አያቸው። እማማ ደሪቱ የሆርዶፋን መሀረብ ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው ዘረጉትና ጫማው አጠገብ ቆመው፣ ኳሷን እየነዳ እስኪመጣ ይጠብቁት ጀመር።