ያልያዘ እጅ

የጫማውን ማሰሪያ እየጎተተ ሳለ ኢስሉዊን ቀኝ እጁን አየው። ጣቶቹ ማሰሪያውን ለቀውታል፤ እሱ ግን እንደያዘ ነበር የመሰለው። ቶሎ ብሎ እጁን ጉልበቱ ሥር ሸሸገና በግራው እንደምንም ቋጠረ።

ሁለት ሳምንት ሆኖታል። በራግቢ ጨዋታ ግፊያ ውስጥ አንገቱ ቀጭ ካለ ወዲህ ክንዱ ሲሻው ይደነዝዛል። የመንደሩ ሐኪም ዳግመኛ ጭንቅላቱን እዚያ ውስጥ ቢከት በሰው ሸክም እንደሚወጣ ነግረውታል። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ለሚስቱ ለኔሪስ እንኳ። ዛሬ የዌልስ ዋንጫ ነዋ።

የከሰል ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ መንደሩ ላለበት ሸለቆ የቀረው ራግቢ ብቻ ነበር። ዋንጫው ደግሞ በዕጣ ነው፤ አንዳንዴ ትልቁን ክለብ አውቶቡስ አሳፍሮ ጭቃ ሜዳህ ድረስ ያመጣልሃል። አማቱ ኢድዋል የክለቡ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ዋንጫው ከተጀመረ አንሥቶ የትኛው መንደር የትኛውን ትልቅ ክለብ እንደጣለ እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የራሳቸው መንደር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። ጠዋት መልበሻ ክፍል ገብተው የልጆቹን ትከሻ መታ መታ ሲያደርጉ ዕንባቸው መጣ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል?

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነጥቡ እኩል ነበር። እኩል ከወጡ የሚያልፈው እንግዳው ነው፤ ደንቡ ለባለሜዳ አያዝንም። ታዲያ በእንግዶቹ መስመር አጠገብ ለመንደሩ ግፊያ ተፈረደ፤ ገፍተው ኳሷን ከመስመሩ ካሻገሩ አሸነፉ ማለት ነው። ስምንቱ ከስምንቱ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተቆላልፎ ይገፋፋል፤ ኢስሉዊን መሃል ሆኖ ሁለት እጆቹን በጓደኞቹ ጀርባ ላይ ጥሎ ኳሷን በእግሩ ይጠልፋል። ያን ቀን እንግዶቹን በአንድ ነገር ብቻ በልጠዋቸው ነበር፤ እሱም ግፊያ ነው። ሕዝቡ የሜዳውን ዳር ገመድ ጥሶ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

ኢስሉዊን ፈራ። የፈራው ሞትን አልነበረም። አልጋ ላይ ተዘርሮ ኔሪስ በማንኪያ ስታጎርሰው ታየው።

በቀኙ የሚቆመው የኔሪስ ወንድም ጌቲን ነው። ዐሥር ዓመት ተቃቅፈው ገፍተዋል፤ የፊት መስመር ሰው የጓደኛውን ሕመም ከሚስቱ ቀድሞ ያውቃል። ተቃቀፉ።

«ያዘኝ» አለ ጌቲን።

«ይዤሃለሁ።»

«አልያዝከኝም ወንድሜ። እጅህ ጀርባዬ ላይ ተንጠልጥሏል።»

ኢስሉዊን ደነገጠ። በሙሉ ኃይሉ የጨበጠው መስሎት ነበር።

«ዝም በል» አለው። «አንዲት ግፊያ ናት።»

«እህቴን ምን ልበላት?»

ዳኛው ዝቅ እንዲሉ አዘዘ። ጌቲን ግን እቅፉን ፈትቶ ቀና አለና ወገቤን አለ። የእሱ ተተኪ አስቀድሞ ተጎድቶ ወጥቷል፤ ለዚያ ቦታ የሚሆን ሌላ ሰው ክለቡ አልነበረውም። እንዲህ ሲሆን ግፊያው ለወጉ ያህል ይቆማል እንጂ መግፋት ክልክል ነው። መንደሩ በሙሉ ይህን ያውቃል።

መጀመሪያ ሁሉም ጸጥ አለ። ቀጥሎ ከገመዱ ማዶ አንዱ፣ ያ ወገብ ትናንት ቢራ ቤት ደህና ነበር ሲል ተሳቀ፤ ሳቁ ግን ክፉ ነበር። ፈሪ ያለውም አለ። ኢድዋል ልጃቸውን አንድ ጊዜ አዩትና ጀርባቸውን ሰጡት። ጌቲን ማስመሰሉን እንኳ በቅጡ ሳያውቅበት ወገቡን ይዞ ወደ ውጭ ያዘግማል። ከእንግዲህ በዚያ ሸለቆ እስኪቀበር ድረስ በዋንጫው ቀን የሸሸው ሰው እሱ ነው።

ኢስሉዊን ተረፍኩ ብሎ ለአንድ አፍታ ደስ ብሎት ነበር። ያችን ደስታ ወዲያው ጠላት። አሁን ያስፈራው አንገቱ ሳይሆን ያ ሁሉ ፊት ነበር። ወደ ዳኛው ሄደ።

«እሱ ጤነኛ ነው» አለ። «በሽተኛው እኔ ነኝ።»

ዳኛው በነፋሱ መሃል ጆሮውን አስጠጋ።

«አልሰማሁህም። ጮክ በል።»

ኢስሉዊን ወደ ገመዱ ዞረ። ኢድዋል ገና ጀርባቸውን እንደሰጡ ነበሩ። ሕዝቡ ጩኸቱን ገታና አፉን አፉን ያየው ጀመር።